«ሃያ ሊትር ትታለባለች» — ማን ለካው?

የወተት ላም ግብይት ዛሬም በደላላ ቃል ይካሄዳል፤ ሌሎች አገሮች ከመቶ ዓመት በፊት መንግሥትን በሚዛን አስይዘው በረት አስገብተውታል

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሆለታ ወይም ቢሾፍቱ ዙሪያ አንዲት የፍሪዥያን ዲቃላ ለሽያጭ ስትቀርብ ገዢው ከመቶ ሺህ ብር በላይ ቆጥሮ የሚሰጠው ለሥጋዋ ወይም ለቆዳዋ ብሎ አይደለም። የሚገዛው ነገ፣ ከነገ ወዲያና በሚቀጥሉት ዓመታት ከጡቷ የሚወጣውን ወተት ነው። ስለዚህ ወተት ግን በግብይቱ ሰዓት ያለው ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፤ የደላላው ቃል። «ሃያ ሊትር ትታለባለች» ይባላል። ሻጩ ይምላል። ገዢው ጡቷን ይዳብሳል፣ የወተት ሥሯን ያያል፣ የቀንዷን ቀለበት ይቆጥራል፣ ጥርሷን ይገልጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድል ነው።

ገበያውን የሚያውቁ ሰዎች ማታለያዎቹንም ያውቋቸዋል። ላሟ ለገበያ በምትቀርብበት ዋዜማ ሳትታለብ እንድታድር ይደረጋል፤ ጠዋት ጡቷ ተወጥሮ ሲታይ የሃያ ሊትር ላም ትመስላለች። ጨው ትልሳለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ሆዷ ይሞላል። አራተኛዋን የወለደች ላም «ሁለተኛዋ ነው» ትባላለች። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ውሸት ያልሆነው ማታለያ ነው። ከወለደች ሁለት ወር የሆናት ላም ወተቷ ጣሪያ ላይ የሚደርስበት ሰሞን ስለሆነ በእርግጥም ሃያ ሊትር ልትሰጥ ትችላለች። በስድስተኛው ወር ወደ ስምንት ሊትር ብትወርድስ? በአንጻሩ በሁለተኛው ወር አሥራ አምስት ሊትር ብቻ ሰጥታ በስምንተኛውም ወር ከአሥር ሊትር የማትጎድል ላም አለች። በዓመት ሂሳብ ብዙ የምትሰጠው ሁለተኛዋ ልትሆን ትችላለች። በገበያው ቀን ውድ የምትሸጠው ግን የመጀመሪያዋ ነች።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ዓይነት ገበያ ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርጎ ተንትኖታል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ከአንድ የአዋጅ ቁጥር በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለማንኛውም መኪና የሚከፍለው የመካከለኛውን ዋጋ ነው። በመካከለኛ ዋጋ ደግሞ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አይሸጥም። ገበያ የሚወጣው መጥፎው ይሆናል፤ ገዢውም ይህን እያወቀ ሲሄድ ዋጋውን የበለጠ ይቀንሳል። አከርሎፍ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ የሆነው በዚህ ሥራው ነው። የእኛ አገር ላም ገዢ ንድፈ ሐሳቡን ሳያነብ በሁለት ቃል ሲጠይቀው ኖሯል፦ «ለምን ትሸጣታለህ?»

ከጥያቄው የሚገኘው መልስ ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። ስለዚህ ጥሩ ላም ያለው አርቢ ያሳደጋትን ጊደር በሚገባት ዋጋ መሸጥ አይችልም፤ አዲስ ኢንቨስተር ደግሞ ሠላሳ ላም ገዝቶ በረት ከሞላ በኋላ ከሠላሳዋ አሥሯ መኖዋን እንኳን የማትከፍል ሆና ያገኛታል። የሁለቱም ኪሳራ ምክንያቱ አንድ ነው፤ የተመዘነና ሦስተኛ ወገን የመሰከረበት የወተት መዝገብ አለመኖሩ።

ላክቶሜትርን ያሸነፈ ወተት

ችግሩ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት የነበሩ የቅቤና የአይብ ፋብሪካዎች ከገበሬው ወተት የሚረከቡት በክብደት ነበር። መቶ ኪሎ ያመጣ የመቶ ኪሎ ዋጋ ይቀበላል። ፋብሪካው የሚፈልገው ግን ወተቱን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ቅባት ነው፤ ቅቤ የሚሆነው እሱ ነውና። በዚህ አሠራር ወፍራም ወተት የሚያመጣው ገበሬ ቀጭን ወተት ለሚያመጣው ጎረቤቱ ይደጉመዋል። ውኃ የሚጨምር ደግሞ ሁለቱንም ይዘርፋቸዋል።

ውኃውን ለመያዝ ላክቶሜትር ነበረ፤ ዛሬም አለ። ላክቶሜትር የሚለካው የወተቱን እፍጋት ነው። ንጹሕ ወተት ከውኃ ጥቂት ስለሚከብድ መሣሪያው በወተቱ ውስጥ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ውኃ ሲጨመር ይሰምጣል። ብልሃተኛው ግን መንገድ አያጣም። ቅባት ከውኃም ከወተትም የቀለለ ነገር ነው። ስለዚህ ከወተቱ ላይ ክሬሙ ሲገፈፍ የቀረው ወተት እፍጋቱ ይጨምራል። በዚህ በከበደው ወተት ላይ ልክ ልኩን ውኃ ቢጨመርበት እፍጋቱ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመለሳል። ላክቶሜትሩ «ንጹሕ ነው» ይላል። ሻጩ ቅቤውንም አስቀርቷል፣ ውኃውንም ሸጧል። ዛሬ በየወተት መሰብሰቢያው ላክቶሜትርና የአልኮል ምርመራን ብቻ ተማምነው የሚረከቡ ነጋዴዎች ይህን ሂሳብ ቢያስቡበት አይጎዱም።

መፍትሔውን ያመጣው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ስቲቨን ባብኮክ ነው። በ1890 ይፋ ያደረገው ምርመራ ለማንም የፋብሪካ ሠራተኛ የሚቀል ነበር። 18 ግራም ያህል ወተት አንገቱ ምልክት በተደረገበት ጠርሙስ ይገባል፤ በላዩ ጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈስበታል። አሲዱ ከቅባቱ በስተቀር የወተቱን ጠጣር ነገር ሁሉ ያሟሟል፤ ጠርሙሱም ይግላል። ከዚያ በሚሽከረከር መሣሪያ ይዞራል፣ ሙቅ ውኃ ይጨመርበታል፣ እንደገና ይዞራል። ነጻ የወጣው ቅባት ወደ ጠርሙሱ አንገት ይወጣና እንደ ቢጫ ዘይት ይቆማል። ምልክቱ ላይ የሚነበበው ቁጥር የቅባቱ መቶኛ ነው። ባብኮክ ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አላስመዘገበም፤ በነጻ ለቀቀው። በተመሳሳይ ዓመታት ስዊዘርላንዳዊው ኒክላውስ ገርበር አሲድና አሚል አልኮል የሚጠቀም ተመሳሳይ ምርመራ ሠርቷል፤ በአውሮፓና በእኛም አገር ላቦራቶሪዎች የሚታወቀው ይኸኛው ነው።

የዋጋ ውጤቱን በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንዱ አርቢ በቀን 20 ኪሎ ወተት ያቀርባል፤ ቅባቱ 3.2 በመቶ ነው። ሌላው 14 ኪሎ ያቀርባል፤ ቅባቱ 5 በመቶ ነው። በክብደት ቢከፈላቸው የመጀመሪያው ከሁለተኛው 43 በመቶ ያህል የበለጠ ገንዘብ ይወስዳል። በቅባት ቢከፈላቸው ግን የመጀመሪያው ያመጣው 640 ግራም፣ ሁለተኛው 700 ግራም ነው። አሸናፊው ይለወጣል። ይህ የአርቢውን ኪስ ብቻ ሳይሆን የላም ምርጫውንም የሚለውጥ ነገር ነው።

ደባል ላሞች

የፋብሪካው በር ላይ የሚደረግ ምርመራ የሚናገረው ስለ ባልዲው እንጂ ስለ ላሟ አይደለም። የአሥር ላም ወተት አንድ ላይ ተቀላቅሎ ሲመጣ የትኛዋ እንደምታተርፍ፣ የትኛዋ እንደምታከስር አይታወቅም። ቀጣዩን እርምጃ የወሰዱት ዴንማርኮች ናቸው። ዴንማርክ ከ1870ዎቹ ጀምሮ የእህል ዋጋ ሲወድቅባት ፊቷን ወደ ቅቤ አዙራ የእንግሊዝን ገበያ የያዘች አገር ነበረች። የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ ወተት ፋብሪካ በ1882 በዬዲንግ ተከፈተ፤ በ1895 ደግሞ ቬየን በምትባል ቦታ ገበሬዎች ተሰባስበው የላሞቻቸውን ወተት በየግል የሚመዝንላቸው ሰው ቀጠሩ። በዓለም የመጀመሪያው የወተት ምዝገባ ማኅበር ይህ ነው።

ሐሳቡን ወደ አሜሪካ የወሰደው ሄልመር ራቢልድ የተባለ የዴንማርክ ተወላጅ ነው። በሚሺጋን ግዛት የወተትና የምግብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባልደረባ ሳለ በኒዋይጎ አውራጃ ገበሬዎችን አደራጀ፤ ሥራው በ1906 መጀመሪያ ተጀመረ። ጥቂት ቆይቶ የፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት ወሰደውና ይህንኑ በአገር ደረጃ እንዲያስፋፋ አደረገው።

አሠራሩ አስገራሚ በሆነ መጠን ቀላል ነበር። አንድ መዛኝ ሃያ ስድስት ያህል ገበሬዎች ይመደቡለታል፤ በወር ውስጥ ያሉት የሥራ ቀኖች ያን ያህል ናቸውና። ከሰዓት በኋላ አንዱ ጋ ይደርሳል፣ የማታውን እልበት ላም በላም ይመዝናል፣ ናሙና ይይዛል፣ እዚያው እራቱን በልቶ ያድራል። ጠዋት የንጋቱን እልበት ይመዝናል፣ የባብኮክ ምርመራውን ያካሂዳል፣ የተበላውን መኖ ይመዘግባል፣ ወደሚቀጥለው በረት ይሄዳል። አንዲት ላም ማታ 7 ኪሎ፣ ጠዋት 9 ኪሎ ብትሰጥና ቅባቷ 3.8 በመቶ ቢሆን፣ የወሩ ወተቷ 480 ኪሎ፣ ቅባቷ 18 ኪሎ ከ240 ግራም ተብሎ ይያዛል። በወር አንድ ቀን መዝኖ በሠላሳ ማባዛት ግምት እንጂ ልክ አይደለም የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የጥቂት በመቶ ስህተት ያለበት ቁጥር ምንም ካለመኖሩ ጋር አይወዳደርም፤ ከደላላ መሐላ ጋርማ ጨርሶ።

ከየማኅበሩ የወጣው ውጤት ለብዙ ገበሬ ድንጋጤ ነበር። በአንድ በረት፣ አንድ ዓይነት መኖ እየበሉ፣ አንዷ የበላችውን እጥፍ ስትከፍል ሌላዋ የመኖዋን ዋጋ እንኳን አትመልስም። የዚያን ዘመን የወተት ጋዜጦች እነዚህን ላሞች ኪራይ የማይከፍሉ ደባሎች ይሏቸው ነበር። ገበሬው ለዓመታት «ጎበዝ» ያላት፣ ከወለደች በኋላ ባልዲ ሞልታ የምታስደስተው ላም ደባል ሆና ትገኛለች፤ ጸጥ ብላ ዓመቱን ሙሉ የምትታለበዋ ደግሞ ቤቱን ስትመግብ እንደኖረች ይታያል። ደባሏ ለሥጋ ትሸጣለች። በረቱ ከአሥራ አምስት ወደ አሥር ላም ይወርዳል፤ ትርፉ ይጨምራል። የመኖ ዋጋ እንደ ዛሬው በሆነበት ጊዜ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ በኩንታል እየገዛ ለሚያበላ የከተማ አርቢ ከዚህ የሚቀርብ ትምህርት አይኖርም።

ለምን መንግሥት?

ነጋዴ አንባቢ እዚህ ላይ መጠየቁ አይቀርም። ገበሬው ራሱ ሚዛን ገዝቶ ለምን አይመዝንም? ይመዝናል፤ ለራሱ አስተዳደር በቂ ነው። ለሽያጭ ግን ሻጭ በጻፈው ቁጥር የሚገዛ የለም። የአሜሪካ የዘር ላም አርቢ ማኅበራት ይህን በራሳቸው ላይ አይተውታል። የሆልስታይን አርቢዎች ከ1880ዎቹ ጀምረው የላሞቻቸውን ምርት በልዩ መዝገብ ማስፈር ጀመሩ፤ ቁጥሮቹ ሲያድጉ ጥርጣሬውም አደገ። ስለዚህ የየግዛቱ የግብርና ኮሌጆችና የምርምር ጣቢያዎች የመንግሥት ተቆጣጣሪ እየላኩ፣ እልበቱ ሲካሄድ ቆመው እያዩ፣ ናሙናውን በእጃቸው እየያዙ ማረጋገጥ ጀመሩ። «ኦፊሴል» የተባለው ምርመራ ይህ ነው። የመንግሥት ፊርማ ያለበት ቁጥር የያዘች ላም ልጆቿ ሳይቀሩ ዋጋቸው ናረ።

መንግሥት ቢገባበትም ማታለል አልቀረም፤ ቅርጹን ለወጠ። ከምርመራዎቹ አንዱ የሰባት ቀን ብቻ ነበር። ላሟ ከመውለዷ በፊት እንድትሰባ ይደረግና እንደወለደች ባሉት ቀናት ይመዘናል። የሰባች ላም ከወለደች በኋላ የገላዋን ስብ ወደ ወተት ስለምታወጣ የቅባት መቶኛዋ ለጥቂት ቀናት ከልኩ በላይ ይሆናል። ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም፤ ላሟን ግን አይገልጽም። ከዚህ በኋላ ነው የረጅም ጊዜ ምዝገባ፣ በመጨረሻም ዛሬ በዓለም ዙሪያ መደበኛ የሆነው የ305 ቀን መዝገብ ቦታውን የያዘው። የምዝገባውን ደንብ በአገሮች መካከል የሚያስማማው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ፣ በምህጻሩ ኢካር፣ በ1951 ሮም ውስጥ ተመሠረተ።

ትልቁ ትርፍ ግን ከላሟ ሳይሆን ከኮርማው መጣ። ኮርማ አይታለብም፤ የሚሰጠውን የሚያሳዩት ሴት ልጆቹ ናቸው። በሺዎች የሚቆጠሩ መዛኞች በየወሩ የሚልኩት ወረቀት የግብርና መሥሪያ ቤቱ ሲሰበስበው የትኛው ኮርማ ከእናቶቻቸው የበለጡ ልጆች እንደሚወልድ ማየት ተቻለ። የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያዎቹን የኮርማ ደረጃዎች ያወጣው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1938 የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ የማዳቀል ማኅበር በኒው ጀርሲ ተቋቋመ፤ ይህም ከዴንማርክ የተቀዳ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ኮርማ በዓመት ጥቂት አሥር ላሞችን ቢያጠቃ ነው። ከዚያ በኋላ የአንድ ኮርማ ዘር በሺዎች፣ ማቀዝቀዝ ሲመጣ ደግሞ በሚሊዮኖች ተሸጠ። መዝገብ ባይኖር ኖሮ ይህ ቴክኖሎጂ መጥፎውንም ኮርማ በዚያው ፍጥነት ያባዛው ነበር።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በ1944 በአሜሪካ 25.6 ሚሊዮን ያህል የወተት ላሞች 53 ቢሊዮን ኪሎ ወተት ሰጡ። በ2007 የላሞቹ ቁጥር ወደ 9.2 ሚሊዮን ወርዶ ወተቱ 84 ቢሊዮን ኪሎ ደርሷል። ጭማሪው ሁሉ የመዝገብ ሥራ ነው ማለት አይቻልም፤ መኖው፣ ሕክምናውና አያያዙም አለበት። ሆኖም የትኛዋን ላም ማስቀረት፣ የትኛውን ኮርማ መጠቀም እንደሚገባ የነገራቸው መዝገቡ ነው።

መዝገብ የማይመዘግበው ነገርም ዋጋ ያስከፍላል። በ1962 የተወለደ ቺፍ የተባለ ሆልስታይን ኮርማ ልጆቹ በወተት ብዛት ስለበለጡ ዘሩ ዓለምን አዳረሰ። ከአሥርት ዓመታት በኋላ ፅንስን በማኅፀን ውስጥ የሚገድል ጉድለት ተሸካሚ እንደነበረ በዘረመል ጥናት ተረጋገጠ። ተመራማሪዎች ያወጡት ግምት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ፅንስ መጨናገፉንና ኪሳራው ወደ 420 ሚሊዮን ዶላር መድረሱን ያሳያል። በዚያው ግምት ግን ዘሩ በወተት ያስገኘው ጥቅም በቢሊዮን ዶላሮች የሚቆጠር ነው። ወተትና ቅባት ብቻ ይመዘን በነበረበት ዘመን የእርግዝና መጨናገፍ ከቁጥሩ ውጭ ነበር።

ለኢንቨስተሮች የሚስበው ሌላው ነገር መንግሥት በዚህ ሥራ ውስጥ ለዘላለም አለመቆየቱ ነው። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ከሰባ ዓመታት በላይ ሲያወጣ የኖረውን የዘር ደረጃ በ2013 ለኢንዱስትሪው የራሱ ምክር ቤት አስረክቧል። ምርምሩን ይዞ ቀርቷል። ምዝገባውን የሚያካሂዱት ማኅበራት ወጪ በአመዛኙ ከአርቢው ኪስ የሚወጣ ነው፤ አርቢው የሚከፍለው ቁጥሩ የሚሸጥ ቁጥር ስለሆነ ነው።

ወደ ሆለታ መንገድ

የኢትዮጵያ ታሪክ በዚህ ረገድ ባዶ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947፣ በተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት አማካይነት ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ ከብቶች ገቡ። በ1967 በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ ግብርና ልማት ፕሮጀክት የማዳቀል አገልግሎትን ወደ ገበሬው አወረደ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቃሊቲ ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል ተቋቋመ። በዚያው አሥርት ዓመት ከዴንማርክ የመጡ የጀርሲ ጊደሮች ምዕራብ ሸዋ አደአ በርጋ ገብተዋል፤ የዚያ በረት ወተት ለዓመታት ተመዝግቧል። በሆለታ የምርምር ማዕከልም የቦረንና የፍሪዥያን ዲቃላዎች መዝገብ አለ። ስለዚህ ቁጥር የለም አይባልም። ያለው ግን በመንግሥት በረት ውስጥ ነው፤ ላም የሚገዛው ሰው የሚሄደው ደግሞ ወደ ግል በረት ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከ2016 ገደማ ጀምሮ ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ የሆነው፣ አዲስ አበባም ግቢ ያለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) በኢትዮጵያና በታንዛኒያ አንድ ፕሮጀክት አካሂዷል። መዝጋቢዎች በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ በየወሩ ወደ አነስተኛ አርቢዎች እየሄዱ ወተት፣ የወሊድ ቀንና የማዳቀል ታሪክ ይመዘግባሉ፤ ከላሞቹ የዘረመል ናሙናም ይወሰዳል። በመሠረቱ የሚሺጋኑ መዛኝ ነው፤ የባብኮክ ጠርሙሱን በታብሌት ተክቶ የመጣ። ልዩነቱ ኒዋይጎ የገባው መዛኝ በአንድ በረት ብዙ ላም ያገኝ ነበር፤ የሰላሌ ወይም የሆለታው መዝጋቢ የሚያገኘው ሁለትና ሦስት ነው። ለአንዲት ላም የሚወጣው የመንገድ ወጪ በዚያው ልክ ይበዛል። በእርዳታ ገንዘብ የሚሸፈን ወጪ ደግሞ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ማን እንደሚሸፍነው ከወዲሁ መታሰብ አለበት።

ሁለተኛው እንቅፋት የዋጋው አሠራር ነው። በአብዛኛው ወተት የሚሸጠው በሊትር ነው። የወተት ፋብሪካዎች ቅባትን ቢለኩም ለአርቢው የሚከፈለው በአመዛኙ በመጠን ነው። በዚህ ሁኔታ አርቢው ቀጭን ወተት በብዛት የምትሰጠውን ላም ቢፈልግ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። የአገራችን ዝርያዎች ወተት በቀን በአማካይ ከአንድ ሊትር ተኩል የማይበልጥ ቢሆንም በቅባት ከፍሪዥያን የሚበልጥ ነው፤ ይህ ብልጫ ግን በሊትር ዋጋ ውስጥ ዜሮ ነው።

ቅቤ ነጋዴው ግን ጉዳዩን ከማንም በላይ ያውቀዋል። 80 በመቶ ቅባት ያለው አንድ ኪሎ ቅቤ 800 ግራም ቅባት ይዟል። በመናጥ የሚባክነውን ለጊዜው ትተን፣ 3.2 በመቶ ቅባት ካለው ወተት አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት 25 ኪሎ ወተት ያስፈልጋል። 4 በመቶ ከሆነ 20 ኪሎ ይበቃል፤ 5 በመቶ ከሆነ 16። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የወተት ፈላጊ ሲጠፋ ወተቱ ወደ ናጫ ይገባል። በእነዚያ ሳምንታት የሁለት አርቢዎች ገቢ የሚለያየው በሊትር ሳይሆን በቅባት ነው። ላሙን በሊትር ብቻ የሚያውቃት አርቢ በጾም ለምን እንደሚከስር አይገባውም። ለትንሣኤ ገበያ ቅቤ የሚያከማች ነጋዴ በበኩሉ ከየትኛው አካባቢ ወተት ስንት ኪሎ እንደሚወጣ በልምድ የሚያውቀውን ነገር በቁጥር ቢይዘው ከአቅራቢዎች ጋር የሚዋዋለው በሌላ ዋጋ ይሆን ነበር።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ዋነኛው፣ ብድር ነው። በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ከብት ለብድር መያዣ ሊሆን ይችላል። ለባንኩ ግን መያዣ የሆነች ላም ስንት ታወጣለች? ገማቹ የሚሄደው ያው ደላላው ወደሚሄድበት በረት ነው፤ የሚያየውም ያንኑ ጡት ነው። ሥጋዋን ገምቶ ቢያበድር ተበዳሪው ላሟን የሚተካ ገንዘብ አያገኝም፤ በተባለው ሊትር ገምቶ ቢያበድር ባንኩ አየር ይዞ ይቀራል። የጆሮ ቁጥር ያላትና የሁለት እልበት ዘመን መዝገብ ያላት ላም ግን ከነዳጅ ታንከር ወይም ከወፍጮ የማይተናነስ ሂሳብ ሊሠራባት የሚችል ንብረት ነች፤ በቀን የምታስገባው ይታወቃል፣ የምትበላው ይታወቃል፣ የቀራት ዕድሜ ይገመታል። የከብት ኢንሹራንስም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አርቢው መዝገብ ቢያዝበት ግብር ይከተለኛል ብሎ ይሰጋል፤ ስጋቱም ያለ ምክንያት አይደለም። የዴንማርክና የሚሺጋን ገበሬዎች መዛኙን በረታቸው ያስገቡት ራሳቸው ቀጥረውት፣ ደሞዙን ተካፍለው ከፍለው ነው። መንግሥት ደንቡን አወጣ፣ ቆሞ አየ፣ ቁጥሩን ደመረ። ግብር ሰብሳቢ በሆነ ሰው እጅ የተያዘ ባልዲ ቢሆን ኖሮ ላሞቹ በሙሉ በዚያ ቀን ነጥፈው ይገኙ እንደነበር መገመት አያዳግትም። በሌማት ትሩፋት ስም ከ2022 ወዲህ ወደ ወተት ልማት የገቡ ማኅበራትና ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ሃያና ሠላሳ አርቢ በአንድ ሠፈር ተሰባስቦ ባለበት ቦታ አንድ መዛኝ በጋራ መቅጠር የሚያስቸግር አይደለም።

እስከዚያው ላም ሊገዛ የሚሄድ ሰው የመዛኙን ሥራ ለአንድ ቀን ራሱ ሊሠራው ይችላል። ማታ ዓይኑ እያየ ላሟ ጨርሳ እንድትታለብ ያድርግ፤ ይህ ወተት አይቆጠርም፤ ዓላማው ያደረ ጡት እንዳይሸጥለት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን የጠዋትና የማታ እልበቶች ይመዝን፤ የሃያ አራት ሰዓት ወተት እነዚህ ናቸው። ከሁለቱም እልበት፣ በደንብ ተቀላቅሎ፣ ጥቂት ናሙና ይዞ የቅባት ምርመራ ወደሚያደርግ ላቦራቶሪ ይውሰድ። የወለደችበትን ቀን ከሻጩ ሳይሆን ከአዳቃይ ባለሙያው ወረቀት ይጠይቅ፤ ጥጃዋንም ይይ፤ የሁለት ወር ጥጃና የስድስት ወር ጥጃ አይመሳሰሉም። ሻጩ አንድ ቀን መቆየቱን እምቢ ካለ ዋጋው ላይ መደራደሪያው እሱ ነው። የሚንጠለጠል ሚዛን ይበቃል፤ ባዶውን ባልዲ አስቀድሞ መመዘን ግን እንዳይረሳ፤ የብረት ባልዲ ብቻውን ከአንድ ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል በቀን ሁለት እልበት ሁለት ኪሎ የሌለ ወተት ያስከፍላል።